የአርሴማ ግራ ጉንጭ

እኔ ቴዎፍሎስ ባየው ወሬ እንደማጋንን ደብረ ብርሃን ውስጥ ባጃጄ ላይ የተሳፈረ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። የጣርማ በርን ጉም በጆንያ ሞልቼ፣ አፉን በሲባጎ አስሬ፣ አሊዩ አምባ ገበያ አውርጄ ለቆላ ሰው ማቀዝቀዣ ይሁንህ ብዬ እንደሸጥኩ አንዱን ተሳፋሪ ከመናኸሪያ እስከ ቤቱ በር አሳምኜዋለሁ። ሲወርድ «ጆንያው አይረጥብም?» ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ሳወራ መሐላዬ «እህቴ አርሴማ ትሙት» ነው። አርሴማም ታውቃለች፤ ማታ ስንገናኝ «ዛሬ ስንቴ ገደልከኝ?» ትለኛለች።

ይህንን ታሪክ ግን በእሷ አልምልም። በዚህኛው ውስጥ እውነትም ልትሞት ነበር። ስለዚህ በአንገቴ ማተብ፣ በጠባሁት ጡት፣ እንጀራዬ በሆነው በባጃጄ መሪ እምላለሁ፤ የምነግራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሆነ ነገር ነው። ሰባተኛ ክፍል ሁለቴ ገብቼ ሁለቴ የወጣሁ ሰው ነኝና ፊደል ብስት እለፉኝ። ነገሩን ግን አልስትም።

አርሴማ ስትወለድ እኔ የወተት ጥርሴ ገና መነቃነቅ የጀመረ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከተማው አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል፤ ጠዋት ስንረግጠው ከእግራችን ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። በርሜል ውስጥ ያደረው ውኃ ላዩ መስታወት ይሆናል። እኔ ያንን መስታወት ሰብሬ ለጎረቤት ልጆች በብይ እለውጥ ነበር። ኪሳቸው ገብቶ ሲቀልጥ ሱሪያቸው ላይ የሸኑ እየመሰላቸው እያለቀሱ ወደ ቤታቸው ይሮጣሉ።

አባዬ ባና ይሸምን ነበር። ባናን የማያውቅ ካለ፣ ከበግ ፀጉር የሚሠራ፣ የተኛውን ሰው ከነብርዱ የሚቀብር ከባድ ልብስ ነው። አባዬ ከሌሎች ሸማኔዎች ጋር በአንድ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይሠራል። የሽመናው ዕቃ የሚተከለው ጉድጓድ ላይ ነው፤ ሸማኔው ጠርዙ ላይ ይቀመጥና እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ መርገጫውን ይረግጣል። ለዐዋቂ ይህ የሥራ ወግ ነው። እኔ ግን ምሳ ይዤለት በሄድኩ ቁጥር የማየው ከወገቡ በታች መሬት የዋጠውን አባት ነበር።

ትምህርት ቤት ደግሞ አንድ ኃይለ ገብርኤል የሚባል ልጅ ነበር። እሱ ነው የነገረኝ። ሸማኔ ቡዳ ነው፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል፣ አባትህ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጠው ጭራው እንዳይታይ ነው አለኝ። እጁ ሥራ በሚያውቅ ሰው ላይ ሁሉ ይህ ይባላል፤ በቀጥቃጩም፣ በሸክላ ሠሪዋም፣ በሸማኔውም። ዛሬ ባጃጄ ውስጥ እንዲህ የሚል ከተገኘ ሜዳ ላይ አወርደዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ልጅ ነበርኩና አባዬን መመርመር ጀመርኩ። አጥንት ሲግጥ መቅኒው ሳይቀር ይመጥጣል። ጥፍሩ ሥር ፀጉር አለ። የሠፈሩ ውሾች ሲያዩት ይጮሃሉ። የሚመጣው ደግሞ ጅብ ከጉድጓዱ በሚወጣበት ሰዓት፣ ሲመሻሽ ነው። ውሾቹ የሚጮኹት ቀኑን ሙሉ የተሸከመው የበግ ፀጉር ስለሚሸታቸው መሆኑን ማን ይንገረኝ።

ካፖርት ነበረው፣ ከራሱ ባና ያሰፋው፣ ጥቁር። ቆዳው በሉት፤ ከላዩ አይወርድም። የበግና የላብ ሽታ አለው፣ በዚያ ዓመት ደግሞ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ጋዝ ጋዝ የሚል ነገር ተጨምሮበት ነበር። አባዬ ማታ ገብቶ ገና ሳይቀመጥ አርሴማን ከእማዬ እጅ ይቀበልና ካፖርቱ ውስጥ ይከታታል። ቁልፎቹን ይቆልፋል። ጭንቅላቷ ብቻ ከአገጩ ሥር ብቅ ይላል፣ ግራ ጉንጯ ደረቱ ላይ ተለጥፎ። እንዲህ አድርጎ ቤቱን እየዞረ ያንጎራጉርላታል። በዚያ ብርድ ከእሱ ደረት የበለጠ የሚሞቅ ቦታ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ሽፍታው የጀመረው ክርስትና በተነሣች ሰሞን ነው። መጀመሪያ ግራ ጉንጯ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጣ። ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ ሆዷን ያዘ። ነጠብጣቡ ተገናኝቶ እንደ ቃጠሎ ሆነ፤ ውኃ ይቋጥራል፣ ይፈነዳል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይነሣል። እንዳትቧጭረው እማዬ እጆቿን የእኔን ካልሲ አልብሳ አሰረቻቸው። አርሴማ በካልሲው ፊቷን እየፈተገች ታለቅሳለች። ለቅሶዋ እየቆየ ሲሄድ ድምፅ አልባ ሆነ፤ አፏ ይከፈታል እንጂ የሚወጣ የለም። ከጩኸቷ ይልቅ የምፈራው ያንን ነበር።

እማዬ፣ እናናየሁ፣ ምክንያቱን ፍለጋ እንደ ፖሊስ ቤቱን በረበረችው። ሳሙናውን ቀየረች። ቅቤ መቀባቱን ተወች። ጨርቆቿን ሁሉ በፈላ ውኃ ቀቀለች። በጡቴ አልፎ ይሆናል ብላ እንቁላል ተወች፣ ምስር ተወች፣ በርበሬ ተወች፤ በመጨረሻ የምትበላው ነገር አልቆባት ድርቆሽ በውኃ እያራሰች ትጎርስ ነበር። ድመታችንን ለሰው ሰጠቻት። ጤና ጣቢያ የነበረችው ነርስ ቅባት ሰጠቻትና ስለ ሳሙናው፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ምግቡ ጠየቀቻት። ሁሉንም መለሰች። ቅባቱን ስትቀባት ሁለት ቀን ይሻላታል፤ ከዚያ አባዬ «ተሻላት?» ብሎ ደስ ብሎት ካፖርቱ ውስጥ ይከታታል። ጠዋት ፊቷ በርበሬ መስሎ እናገኘዋለን። በባሰባት ቁጥር ደግሞ አባዬ አብልጦ ያቅፋታል።

በመጨረሻ እማዬ ሁለታችንንም ይዛ አንኮበር እናቷ ዘንድ ሄደች፣ ጸበል ልታስጠምቃት። አባዬ ሥራ ነበረበትና ቀረ። እዚያ ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ አያቴ ግቢ ድረስ ይመጣል፤ አርሴማ በየጠዋቱ በዚያ ብርድ ጸበል ስትጠመቅ እኔ ነበርኩ የምንቀጠቀጠው። ሳምንቱ ሳይሞላ ጉንጯ ደረቀ። ቅርፊቱ ረገፈ። ከሥሩ የወጣው ቆዳ እንደ ማንም ልጅ ቆዳ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት አንኮበር ነው።

ስንመለስ አባዬ መናኸሪያ ጠበቀን። አውቶቡሱ ገና ሳይቆም ሮጦ መጣ፤ እዚያው ሰው መሀል ካፖርቱን ከፍቶ ከተታት። እስከ ቤት በእግሩ እንዲያ ይዟት ሄደ። በማግሥቱ ግራ ጉንጯ ተነሣ።

ጎረቤታችን እትዬ ባፈና ያን ቀን መጡ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ሠፈሩ ውስጥ ሰው ሲታመም ቀድመው የሚደርሱ ሴትዮ ናቸው። እኔ ከእህል ጎታው ጀርባ ተቀምጬ ነበር። አርሴማን ገልጠው አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው እማዬን ጠየቋት፤ አንኮበር የሌለ፣ እዚህ ግን ያለ ነገር ምንድን ነው? እማዬ ሳሙናው አንድ ነው አለች። ጨርቁም አንድ ነው። ምግቤም ያው ነው። እትዬ ባፈና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እናናዬ» አሉ፣ «ዕቃ ምን ትቆጥሪያለሽ። ሰው ቁጠሪ እንጂ።»

እማዬ አርሴማን መልሳ ሸፈነች። ከዚያ በጣም በቀጭኑ «አባቷ» ስትል ሰማኋት።

እኔ ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር። ለካ ትልልቆቹም ደርሰውበታል። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን በግማሽ ነው የሰማሁት፤ ጥላው ከብዷታል፣ ዓይኑ ነው፣ ሳያውቀውም ይሆናል፣ ልጂቱን ከፈለግሽ እሱን አርቂ፣ እዚያው አንኮበር ቅሪ። ጎታውን ተደግፌ፣ አባዬ ማታ ሲመጣ ምን ዓይነት አፍ ይዞ እንደሚመጣ አሰብኩ።

የመጣው ያንኑ የሰው አፍ ይዞ ነው። እማዬ አርሴማን ለመስጠት እጇን አልዘረጋችም። የተባለውን ነገረችው፣ ፊቱን ሳታይ። እንደሚቆጣ ጠብቄ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ነበር። አልተቆጣም። ቁጭ ብሎ ሁለት እጆቹን እያገላበጠ አየ።

«እኔ ከሆንኩ እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ልጄን ግን በየአገሩ አታንከራትቻት።»

እንደመጣ ወጣ። ከጠረጴዛው ሥር ያየሁት ጫማውን ብቻ ነው። እንደ ተነቃበት ሌባ ሄደ ብዬ ነበር ያን ጊዜ። እማዬ ካደግሁ በኋላ ነው የነገረችኝ፤ አባዬ ከልጅነቱ ጀምሮ ቡዳ ሲሉት ኖሮ፣ ያን ማታ እውነት መስሎት ነበር። የራሱን ዓይን ፈርቶ ነው የወጣው።

የቆርቆሮው ቤት ውስጥ፣ ከዕቃው አጠገብ ማደር ጀመረ። አርሴማ ተሻላት። እማዬ አልሳቀችም። ቅርፊቱ በረገፈ ቁጥር ትቀባትና ጀርባዋን አዙራ ታለቅሳለች። እኔ ደግሞ አባዬ ናፍቆኝ ነበር፣ እፈራውም ነበር። አንድ ቀን ሲመሻሽ ሽንቴን ልሸና ወጥቼ በአጥሩ ጭራሮ መሀል አንድ ዓይን አየሁ። አይርገበገብም። የቤቱን በር ያያል። እግሬ መሬት ላይ ተተከለ፣ ሽንቴ ግን ሥራውን ሠራ። ትንፋሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ካፖርቱ አጥሩን እየታከከ ሲሄድ ሰማሁ። ለማንም አልተናገርኩም። አባዬ የሚመጣው አርሴማ ታለቅስ እንደሆነ ለመስማት ነበር። ካላለቀሰች ይሄዳል። በየቀኑ ይመጣ እንደነበር ያን ጊዜ አላወቅሁም።

ኃይለ ገብርኤልን የቡዳን መድኃኒት ጠየቅሁት፣ ስለ ሌላ ሰው አስመስዬ። ጅብ የሚሆን ሰው ቆዳውን ካልለበሰ መሆን አይችልም አለኝ፤ ቆዳውን ከደበቅህበት ሰው ሆኖ ይቀራል። ይህ ልጅ ዛሬ ደብረ ሲና ላይ የሞባይል ካርድና ብርቱካን ይሸጣል። ባለፍኩ ቁጥር ጥሩምባ እነፋበታለሁ።

ቅዳሜ አባዬ በቀን ብርሃን መጣ። ዱቄት ይዞ ነው፤ ደጅ አስቀመጠው። እማዬ ከነአርሴማ ቤት ውስጥ ናት፣ በሩ ተዘግቷል። ደህና ናችሁ ተባብለው በተዘጋ በር አወሩ። ከዚያ እንጨቱ ሳይፈለጥ ተከምሮ አየና ካፖርቱን አውልቆ አጥሩ ላይ ሰቅሎ መጥረቢያውን አነሣ። አባዬን ያለዚያ ካፖርት ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም። ቀጭን ነበር።

ካፖርቱን ጎትቼ አወረድኩት። እንደ አህያ ቆዳ ይከብዳል። በጓሮ በር አስገባሁት። የት እንደምደብቀው አስቀድሜ አስቤበታለሁ፤ ቡዳ የማይደፍረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፣ የአርሴማ መኝታ። በላዩ መስቀል ተንጠልጥሏል፣ ጤና አዳምና መርፌ ተሰክቷል። መኝታዋ የተጣጠፈ ጨርቅ ክምር ነው፤ እማዬ አርሴማን ታቅፋ በሩ ጋ ቆማ የመጥረቢያውን ድምፅ ስታዳምጥ ካፖርቱን አጣጥፌ ከላይኛው ቀጭን ነጠላ ሥር ከተትኩት። አባዬን ሰው አድርጌ ላስቀረው ነበር። ዛሬም ያ ሐሳብ ክፉ ሐሳብ አይመስለኝም።

አባዬ እንጨቱን ጨርሶ ካፖርቱን ፈለገ። አጥሩን ዞረ፣ መንገዱን አየ። ሌባ ወስዶታል ብሎ መሰለኝ፣ በሸሚዙ ሄደ። ነፋሱ ሸሚዙን ከጀርባው ነፋው።

በማግሥቱ ጠዋት የነቃሁት በእማዬ ጩኸት ነው። የአርሴማ ፊት አብጦ ዓይኖቿ ጠፍተዋል። ጀርባዋ እንደ ተገፈፈ ሥጋ ቀይ ነው። ስትተነፍስ ጉሮሮዋ ያፏጫል፣ እንደሚፈላ ጀበና። እትዬ ባፈና ነጠላቸውን እየጎተቱ ደረሱና ትናንት መጥቶ ነበር አይደል ብለው ጠየቁ። እማዬ በሩን አልከፈትኩለትም፣ አላያትም አለች። እትዬ ባፈና ቡዳ በር ምን ያደርግለታል አሉና አማተቡ። እኔ ጥግ ላይ ተሸጉጫለሁ። ቆዳውን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ታዲያ ምን ለብሶ ገባ?

እማዬ ወደ ጤና ጣቢያ ልትሮጥ አርሴማን ከነጨርቋ አፈሰቻት። ጨርቁ ሲነሣ አንድ ጥቁር እጅጌ ተንጠለጠለ።

ሁላችንም አየነው። እማዬ አርሴማን ለእትዬ ባፈና አቀበለችና ካፖርቱን ጎትታ አወጣችው። አሸተተችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጠይቃ አልጨረሰችም፣ ከለቅሶዬ ጋር ሁሉንም ተፋሁት፤ ጅቡን፣ ጭራውን፣ ኃይለ ገብርኤልን፣ ቆዳውን። በጥፊ ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት እጅጌዋን ሰብስባ የክንዷን ውስጥ በካፖርቱ ትፈትጋለች። እንደ እብድ ትፈትጋለች። አርሴማን መልሳ አቅፋ፣ ካፖርቱን እኔን አሸክማ ስንሮጥ መንገድ ላይ ክንዷን ደጋግማ ታየዋለች። ጤና ጣቢያው በር ስንደርስ በእማዬ ክንድ ላይ ያው የአርሴማ ጉንጭ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቶ ነበር።

እትዬ ባፈና አሁንም እሱን ጸበል ማስገባት አለብሽ እያሉ ከኋላችን ይከተላሉ። እማዬ ዞራ አየቻቸው።

«እትዬ» አለች፣ «ቡዳ ካፖርቱን ልኮ ይበላል እንዴ?»

አርሴማን መርፌ ወጓት። ቀኑን ሙሉ ነርሷ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ፉጨቱ ከሰዓት በኋላ ቆመ፣ አንድ ዓይኗም ተገለጠ። ነርሷ ካፖርቱን በላስቲክ ይዛ አየችውና ፀጉሩ ራሱ ላይስማማት ይችላል አለች፣ ወይም በዚያ ዓመት ለበጎቹ እከክ የተረጨው መድኃኒት ፀጉሩ ላይ ቀርቶ ይሆናል። አባዬ ገና ያልታጠበውን ፀጉር በትከሻው ነበር የሚሸከመው። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ እርግጡን የነገረን የለም። አርሴማ አሁን ሹራብ ስትገዛ መጀመሪያ ግራ ጉንጯ ላይ ታስጠጋዋለች።

እማዬ አርሴማን በነጭ ጋቢ ጠቅልላ፣ ሌላ የታጠበ ጋቢ ለእኔ አሸክማ፣ ከጤና ጣቢያ በቀጥታ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደች። አባዬ ጉድጓዱ ውስጥ ነበር። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ይንቀጠቀጣል። እኛን ሲያይ ዓይኑን ቶሎ በእጁ ጋረደ፣ አርሴማን እንዳያይ።

«ባየው፣ ውጣ» አለችው። «ካፖርትህ ነው።»

ካፖርቱ ተገኘ ያለችው መሰለው። የት ነበር አላት። እማዬ ክንዷን ዘርግታ አሳየችው፤ ከዚያ ሁሉንም እዚያው በሸማኔዎቹ ሁሉ ፊት ነገረችው፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ሆን ብላ። ሽመናው ሁሉ ቆሞ ነበር። አባዬ ከጉድጓዱ ወጣ። እግሮቹን አየሁ፤ ሁለት ናቸው፣ የሰው ናቸው። ጭራም አልነበረውም፣ ከኋላው ዞሬ አረጋግጫለሁ። ታጠበ፣ ጋቢውን ለበሰ፣ አርሴማን ተቀበላት። እሷም በተገለጠችው በአንዷ ዓይኗ አይታው፣ ጺሙን ይዛ ሳበችና ሳቀች።

አርሴማ ይህንን ታሪክ ደጋግማ ታስነግረኛለች፣ በተለይ መጨረሻውን። አባዬም እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። አንድም ቀን አላረመኝም።

እንግዲህ ስለማልኩ ልናገር፤ መጨረሻዋ ላይ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። ጋቢውን መልበሱ እውነት ነው። አርሴማን ግን አልተቀበላትም። እማዬ ስትዘረጋለት ሁለት እጆቹን ከጀርባው አስሮ ወደ ኋላ ሸሸ፣ እስከ ግድግዳው። ቤት ከተመለሰም በኋላ በሩ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ያቀፋት ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው፤ እሷ ተኝታ ሳለ፣ ማንም የሌለ መስሎት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ትንፋሹን ይዞ።